«የማንን እጅ ልመርቅ?» በቱሉ ዲምቱ የበዓል ዶሮ ወጥን በትእዛዝ ስለማስመጣት

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ፣ ለበዓል ዶሮ ወጥ ሠርቶ እስከ ቤት ደጃፍ የሚያደርስ አንድ አነስተኛ የምግብ ዝግጅት ቤት አለ። ቤተሰባችን ከዚህ ቤት ሁለት ጊዜ አዝዟል፤ የመጀመሪያው ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ለዋለው ፋሲካ፣ ሁለተኛው ለ2018 ዓ.ም. ገና ነበር። ስሙን ሳልጠራ የምጽፈው፣ የማነሣው ነቀፋ የአንድ ቤት ብቻ ስላልመሰለኝ ነው፤ ወጥ በትእዛዝ የሚሸጡ ሌሎችም ቢያነቡት እወዳለሁ።

በበዓል ቀን እኛ ቤት የሚሰበሰበው ሰው ብዙ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው ከዚሁ ከቱሉ ዲምቱ በመሆኑ፣ ከአዳማ የሚነሡት አክስቶቼና ከመሀል ከተማ የሚመጣው ወንድሜ ከነቤተሰቡ የሚገናኙት በእናቴ ቤት፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ሰው የሚያጠግበውን ወጥ ለ30 ዓመት ያህል የሠራችው እናቴ ናት። ከስቅለት ጀምራ የምታከፍል ሰው ስለሆነች፣ ቅዳሜ ሹር ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍና ስታቁላላ የምትውለው በባዶ ሆዷ ነው፤ ወጡንም መቅመስ ስለማትችል ጨውን የምትመጥነው በዓይኗና በሽታው ነው። ሌሊቱን ቆማ አስቀድሳ፣ ወደ 9 ሰዓት ግድም ስንመለስ ደግሞ በቀጥታ የምትገባው ወደ ወጥ ቤት ነበር። አባቴ ዳቦውን ሊባርክ ሲነሣ ከዚያ የሚሰማው ድምፅ በየዓመቱ አንድ ነው፤ «ጀምሩ፣ መጣሁ!» ወጡን ይዛ ስትመጣ ጸሎቱ አብቅቷል። 55ቱን ቀን በሙሉ የጾመችው እርሷ፣ ጾሙ ሲገደፍ የሚደርሰውን ምስጋና ግን አንድም ዓመት ተቀምጣ አልሰማችም ማለት ነው። ወጡን በትእዛዝ እናስመጣ ያልነው ለዚህ ነው። እኔና ወንድሜ ሽንኩርት መክተፍ እንችል እንደሆነ እናቴም አልጠየቀችንም፣ እኛም ነገሩን አላነሣነውም፤ ይህን የምጽፈው ለእውነት ያህል ነው።

ትእዛዙ የሚሰጠው በስልክ ነው። በዓሉ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሲቀረው መደወልና ግማሹን ክፍያ በቀብድ መልክ በቴሌብር መላክ ያስፈልጋል። ለፋሲካ ለአንድ ዶሮ፣ ከ12 እንቁላል ጋር፣ 4,500 ብር ጠየቁን፤ ሁለት ዶሮ አዘዝን። ድፎ ዳቦ አላዘዝንም፤ ድፎ ከውጭ ተጋግሮ መምጣቱን እናቴ በምንም መንገድ የምትቀበለው ነገር አይደለም። ዋጋው ውድ ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ዶሮውን፣ ለአንድ ዶሮ እስከ ሦስት ኪሎ የሚደርሰውን ሽንኩርት፣ ቅቤውንና በርበሬውን በበዓል ሰሞን ዋጋ ለደመረ ሰው ግን ልዩነቱ የሚያስደነግጥ አይሆንም። ያስከፋን ሰዓቱ ነው። ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይደርሳል የተባለው ወጥ የደረሰው 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ሲሆን፣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄጃዋን እያሰበች በር ላይ ቆማ ነበር። ትኩስ ወጥ በፕላስቲክ ባልዲ መላኩንም አልወደድሁትም።

ወጡ ግን ጥሩ ነው። ሽንኩርቱ ቀስ ብሎ ተቁላልቶ ቅርጹ እስኪጠፋ በስሏል፤ በርበሬው አይጎመዝዝም፤ ቅቤ አልተሰሰተበትም፤ ዶሮው በሎሚና በጨው በሚገባ በመታጠቡ ጠረን የለውም። ነቀፋዬ የሚጀምረው ከብልት አወጣጡ ነው። የዶሮ 12 ብልት በእኛ ቤት ለማን ምን እንደሚደርስ የሚወስን ሥርዓት ነው፤ ፈረሰኛው ለአባቴ፣ መላላጫው ለታላቋ አክስቴ፣ ክንፉ ለልጆች ይወጣል። ከሁለቱ ዶሮዎች አንዱ በመጋጠሚያው ሳይሆን በአጥንቱ ላይ እየተመታ የተቆራረጠ ስለነበር፣ እናቴ በጭልፋ ፈረሰኛውን ስትፈልግ ያገኘችው ስብርባሪ ነው። እንቁላሉም ሲቆጠር 23 ሆነ። ለሻጩ አንድ እንቁላል ምንም ላይመስለው ይችላል፤ 12ቱን በሐዋርያት ቁጥር ለምትቆጥር ሴት ግን የጎደለው እንቁላል ብቻ አይደለም፤ «የትኛውን ሐዋርያ ነው ያስቀሩብን?» አለች።

የገዛነውን አገልግሎት ዋጋ ያየሁት ሌሊት በገበታው ላይ ነው። ከቅዳሴ ስንመለስ የቀረው ሥራ ወጡን ማሞቅ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ወንድሜ ሠራው። እናቴ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጠች፤ ምን እንደምታደርግበት ያጣችውን እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ። አባቴ ዳቦውን ከመቁረሱ በፊት በቅዳሴ የሚባለውን የምስጋና ጸሎት፣ «ነአኵቶ» ብሎ የሚጀምረውን፣ የሚያውቀውን ያህል በግዕዝ ይደግማል፤ ስለ ሰወረን፣ ስለ ረዳን፣ ስለ ጠበቀን፣ እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን እያለ የምስጋናውን ምክንያት አንድ በአንድ የሚቆጥር ጸሎት ነው። እናቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተከተለችው። በየዓመቱ «እኔ ማርታ ነኝ፣ ተዉኝ» ትል የነበረች ሴት ናት።

ከጸሎቱ በኋላ የወንድሜ ሚስት፣ ከወንጌላውያን ቤተሰብ የተወለደች ናት፣ በወላጆቿ ቤት እያንዳንዱ ሰው በበዓል ቀን የሚያመሰግንበትን አንድ ነገር እንደሚናገር ገልጻ፣ እኛም እንድንሞክረው በትሕትና ጠየቀች። አባቴ ቅር አለው፤ ምስጋና በየተራ ሲሆን ንግግር ይሆናል ባይ ነው፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። የወንድሜ ትንሽ ልጅ ግን ማንንም ሳይጠብቅ «ጾሙ ስላለቀ ተመስገን» ብሎ ሲጀምር፣ አባቴ ራሱ ሳቀና ነገሩ ቀጠለ። አንዷ አክስቴ ከሕመም ስለ መነሣቷ ተናገረች። ከዚያ ወጡን ቀምሳ ወደ እናቴ ዞረችና «እጅሽ ይባረክ!» አለቻት።

እናቴ «አሜን» ለማለት አፏን ከፍታ ተወችው። «የእኔ እጅ አይደለም» አለች። «ታዲያ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሊመልስ የቻለ ሰው አልነበረም። በባልዲው ክዳን ላይ በወርቃማ ቀለም «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል የታተመ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከበታቹ የድርጅቱ ስምና ስልክ ቁጥር አለ፤ ስለ ሠሪዋ የሚናገር ምንም ነገር የለም። ምግብ የሠራልንን ሰው ስናመሰግን እጁን እንመርቃለን እንጂ ደረሰኙን አንመርቅም። የድርጅቱ ትልቁ ጉድለት ለእኔ ይህ ነው፤ ከመዘግየቱም፣ ከእንቁላሉም ይበልጣል። እናቴን ለአባቴ ምስጋና አድርሶልን፣ እኛን ደግሞ የምናመሰግነው ሰው አሳጣን።

በማግስቱ፣ በሰኞ ማዕዶት፣ እናቴ ራሷ ደወለች። የድርጅቱ ባለቤት የስሞታ ስልክ መስሏት «ምን ጎደለ፣ እማማ?» ብላ ተቀበለቻት።

«እንቁላል ጎድሏል፤ የደወልሁት ግን ለእርሱ አይደለም። የሠራችውን ልጅ አቅርቢልኝ።»

«የሚሠሩት ስድስት ልጆች ናቸው፣ እማማ፤ የእናንተን የትኛዋ እንደሠራች አላውቀውም።»

«እንግዲያው ላውድ አድርጊልኝ።»

ከዚያ ለሁሉም በአንድነት መረቀቻቸው፤ እጃቸው እንዳይደክም፣ ያሰቡት እንዲሞላላቸው፣ ለከርሞ እንዲደርሱ። ከወዲያ በኩል «አሜን» የሚለው ድምፅ ከድስት ኳኳታ ጋር ተቀላቅሎ ይሰማ ነበር። ስልኩን ተቀብዬ፣ በክዳኑ ላይ የሠሪዋ ስም ቢጻፍ መልካም መሆኑን ለባለቤቷ ነገርኋት፤ ጥሩ ሐሳብ ነው አለችና ለሚቀጥለው በዓል ቃል ገባችልኝ።

ለገና ደግመን ያዘዝነው በዚህ ተስፋ ነው። በዚህኛው ጊዜ ወጡ በሰዓቱ ደረሰ፣ እንቁላሉ 24 ሞላ፣ ብልቱም በወጉ ወጥቷል፤ ባልዲው ግን ያው ፕላስቲክ ነው። ጨው ትንሽ በዝቶበታል፤ በጾም ሳይቀመስ የተሠራ ወጥ ስለሆነ ይህን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ እንዲያውም ቅር ሳያሰኘኝ ደስ አለኝ። ብዙ እንግዳ ለሚቀበልና ወጥ ቤቱ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ለወደቀ ቤተሰብ ይህን አገልግሎት ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ቤት ውስጥ ከታፊና አቁላሊ ለሞላው ሰው ግን ገንዘቡን እንዲያወጣ አልመክርም፤ የቅዳሜው ግርግርና ጨዋታ ከወጡ ጋር በባልዲ አይመጣም።

የተገባልን ቃል አልተፈጸመም። በክዳኑ ላይ ያው ወርቃማ ወረቀት ተለጥፏል፤ ስም የለም። እናቴ ክዳኑን ገልብጣ ከውስጥ በኩልም አየችው። ከዚያ ወጡን ይዞ አራት ፎቅ የወጣውን የሞተር ልጅ ከደረጃው መለሰችውና፣ ሄልሜቱን በእጁ እንደያዘ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናው መመረቅ ጀመረች። «አሜን፣ እማማ፤ ሰባት ቤት ይቀረኛል» እስኪል ድረስ አልለቀቀችውም።