ጤና አዳም ዳሰስ አድርገው ቡና የሚያዙባት የፒያሳዋ ቤት

ጎንደር ፒያሳ አዲስ የተከፈተችውን የጀበና ቡና ቤት ሰው ሁሉ እያወራላት ስለሆነ እኔም ያየሁትን ልበል። ጠረጴዛው ላይ ደወልም ኪውአር ኮድም የለም፣ ያለው በሸክላ የተተከለ ጤና አዳም ነው። ቅጠሉን ነካ ስታረጉት ቡና የምትቀዳዋ ልጅ ጋ ያለው ታብሌት ላይ የጠረጴዛችሁ ቁጥር ይበራል፣ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ከነካችሁት ሂሳብ ማለት ነው፣ በቃ። አፕ አውርዱ የለ፣ ዋይፋይ ስጡኝ የለ፣ መብራት ሲሄድም በፓወር ባንክ ይሰራል።

አሰራሩን ባለቤቱ ሳይደብቅ አሳየኝ። አፈሩ ውስጥ አንዲት ሽቦ ተቀብራ ከጠረጴዛው ስር ካለች ኢኤስፒ32 የምትባል ርካሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ጋ ተያይዛለች፣ ተክሉ ውስጡ ውሃ ስለሆነ ከስሩ እስከ ቅጠሉ ጫፍ ራሱ ሴንሰር ሆነ ማለት ነው፣ እጃችን ሲያርፍበት የሚመጣውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ለውጥ ቦርዷ ትለካለች፣ የስልካችን ስክሪንም ጣት የሚያውቀው በዚሁ መንገድ ነው። ሀሳቡ ቆየት ያለ ነው፣ የዲዝኒ ኩባንያ የምርምር ክፍል፣ ዲዝኒ ሪሰርች፣ በፈረንጆቹ 2012 ቦታኒከስ ኢንተርአክቲከስ በሚል ስራው ተክሉን የቱ ጋ እንደነካችሁት ሁሉ የሚለይ አሳይቶ ነበር።

እኔ በጣም የወደድኩት ግን ጤና አዳም መምረጣቸውን ነው። ነክቼዋለሁ ወይስ አልነካሁትም ብሎ መጠራጠር የለም፣ ሽታው እጃችሁ ላይ ይቀራላ! አስተናጋጇ አንድ ሽማግሌ "አባባ ቅጠሉን ዳሰስ ያርጉት" አለቻቸው፣ ዳሰስ አርገው እጃቸውን አሸተቱ፣ ቡናው መጣላቸው፣ ምንም ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ስልክ ላይ ሜኑ ክፈቱ ብትላቸው ተነስተው ይሄዱ ነበር።

ችግሩ ደግሞ እዚያው ነው፣ እኛ ጤና አዳም አይተን መቼ ዝም እንላለን፣ ቀንጠስ አርገን ሲኒ ውስጥ ነው። አንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ለመቀንጠሻ የሚሆን ለብቻው ቆርጣችሁ ከሲኒው ጋ አቅርቡልን፣ የጠረጴዛው ይረፍ።

ከዚህ የባሰው በረንዳው ላይ ያለው ጤና አዳም ነገር ነው፣ እባካችሁ ይሄን በቁም ነገር ያዙት። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ጠንካራ ፀሐይ ካገኘው ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ ሊያስቋጥርም ይችላል፣ ያውም ወዲያው ሳይሆን አድሮ ስለሚወጣ ሰው ከምን እንደመጣበት አያውቅም። የጎንደር የቀትር ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ህጻናት ቅጠሉን ሲያሹት ቆይተው እዚያው ፀሐይ ላይ ሲጫወቱ አይቼ ለአስተናጋጇ ነገርኳት፣ እጅ መታጠቢያውን ቶሎ አሳየቻቸው። ጤና አዳሙ ውስጥ ይሁን፣ በረንዳው ላይ በሶብላ ቢተክሉ ሽታውም አይቀር፣ ሰርኪዩቱም ያው ነው።

ሌላው አፈሩ ሲደርቅ ምላሹ ይደክማል፣ እኔ የተቀመጥኩበት ደጋግሜ ነክቼው ነው የሰራው። ግን ይሄን እንደ ጉድለት አላየሁትም፣ ውሃ ካላጠጡት ደንበኛው አይሰማም፣ ስለዚህ ያጠጡታል። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 2022 ይሄንኑ ሆን ብለው ሞክረውታል፣ ስላይም ሞልድ የሚባል ቢጫ ህይወት ያለው ነገር የእጅ ሰዓት ውስጥ አስገብተው አጃና ውሃ ስትሰጡት አድጎ ሰርኪዩቱን ያገናኛል፣ የልብ ምት መለኪያው ያኔ ይሰራል፣ ካልመገባችሁት ይደርቅና ይቋረጣል። እስከ 2 ሳምንት ካሰሩት 5 ሰዎች ውስጥ መመገብ አቁሙ ሲባሉ ያዘኑ ነበሩ። እዚህ ግን የሚያጠጣው ባለቤቱ ብቻ ነው፣ ለምን እኛስ? በየጠረጴዛው ትንሽ ጣሳ ውሃ ቢያስቀምጡ እኔ ደስ እያለኝ ነው የማጠጣው።

ቡናው እስከ በረካ ድረስ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ከአካባቢው አይለይም። ከ5 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የያዝኩት በበረንዳው ምክንያት ነው፣ እሱን ካስተካከሉ እጨምራለሁ።