ያገለገለ ካፒላሪ ማሽን ስትገዙ መጀመሪያ የሙቀት ክፍሉን እዩ

ባሕር ዳር ላብራቶሪያችን ውስጥ ያለው የካፒላሪ ኤሌክትሮፎረሲስ ማሽን ያገለገለ ነው። የዲኤንኤ ቁራጮችን ካፒላሪ በሚባል ቀጭን ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ እየነዳ የሚለይ ማሽን ነው። ባለ 4 ካፒላሪ ነው። ሊያየው የሚመጣ ሰው ሁሉ ስንት ናሙና ባንዴ እንደሚሠራ ይጠይቀኛል። እኔ ግን በሩን ከፍቼ የሙቀት ክፍሉን ነው የማሳየው። ሚውቴሽን፣ ማለትም የዲኤንኤ ለውጥ፣ ለመፈለግ ከሆነ የምትገዙት፣ ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ለሱ ነው።

ሥራችን ጤፍ ላይ ነው። ጤፍ አገዳው ቀጭን ስለሆነ ዝናብና ነፋስ ሲበረታ ይጋሸባል፤ ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ኢኤምኤስ በሚባል ኬሚካል የተነከረ ዘር እየዘራን፣ ቁመትን የሚወስኑ ጂኖች ላይ ለውጥ እንፈልጋለን። ኬሚካሉ አብዛኛውን ጊዜ ጂ የነበረውን ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ወደ ኤ ይቀይራል። የተቀየረውም ያልተቀየረውም ቁራጭ ርዝመቱ እኩል ነው። በርዝመት ብቻ ከለያችሁ ምንም አታዩም።

ዘዴው እንዲህ ነው። የፒሲአሩን ውጤት፣ ማለትም የተባዛውን የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ፎርማማይድ በሚባል ፈሳሽ ውስጥ በ95 ዲግሪ አሙቀን ወዲያው በረዶ ላይ እናስቀምጠዋለን። ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ይላቀቃሉ፤ እያንዳንዱም ለብቻው ይጣጠፋል። አንድ ቤዝ ሲቀየር አስተጣጠፉ ሊቀየር ይችላል፤ ያኔ በካፒላሪው ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነትም ይለያል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1989 እ.ኤ.አ. ይህን በጄል ላይ አሳይተዋል። የኛው ያው ነው፣ በካፒላሪ ሆነ እንጂ።

አስተጣጠፉ ደግሞ ሙቀት ይወስነዋል። ማሽኑ እያንዳንዱን ክር ስክሪን ላይ እንደ ጉብታ፣ ማለትም ፒክ፣ ያሳየዋል። በ30 ዲግሪ ተደራርበው አንድ መስለው የታዩት የአንድ ናሙና ሁለት ፒኮች፣ በ18 ዲግሪ ቁልጭ ብለው ይለያያሉ። ሌላው ቁራጭ ደግሞ ግልባጩ ነው፤ በ18 አይለይም፣ በ30 ይለያል። የትኛው የት እንደሚለይ አስቀድሞ መናገር ከባድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን በ18፣ በ25 እና በ30 እናስሮጠዋለን።

አሁን የባሕር ዳርን ሚያዝያ አስቡት። የላብራቶሪው ክፍል ራሱ ይፋጃል። ማሞቅ ብቻ የሚችል ማሽን ከክፍሉ ሙቀት በታች መውረድ አይችልም፤ 18 ዲግሪ ሕልም ነው። የኛው ማቀዝቀዝም ይችላል፣ ለዚህ ነው የወደድኩት። 15,000 ቮልት ሲለቀቅበት ካፒላሪው ራሱ ሙቀት ያመነጫል። የውስጥ ስፋቱ 50 ማይክሮሜትር ስለሆነ፣ ማለትም ከፀጉር ስለሚቀጥን፣ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ውጭ ያወጣል። ውጭው ግን ከተለዋወጠ የጠዋቱና የከሰዓቱ ውጤት አይገጥምም። በኛ ማሽን ይገጥማል።

ከአዴት በኩል የመጣ አንድ ገበሬ ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ፒኮች አይቶ «ወንድምዓለም፣ እዚህስ ሁሉም ቆሟል!» አለኝ። እስካሁን ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል።

የማይመቹ ነገሮችም አሉ። ማሽኑ ለውጥ መኖሩን እንጂ የትኛው ቤዝ እንደተቀየረ አይነግራችሁም፤ ለዚያ ሲክወንሲንግ፣ ማለትም ቤዞቹን አንድ በአንድ ማንበብ፣ ግድ ነው። ቁራጩ ከ300 ቤዝ ሲያልፍ የሚያመልጠው ይበዛል። ጤፍ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጤፍ የሁለት ቅድመ አያት ጂኖም የተሸከመ ተክል ነው። ፕራይመሩ (በፒሲአር የሚባዛውን ቦታ የሚመርጠው አጭር ዲኤንኤ) አንዱን ጂኖም ብቻ እንዲይዝ ካልተደረገ፣ ሚውቴሽን በሌለበት ናሙና ሁሉ ተጨማሪ ፒክ ይመጣል። ይሄ እንኳን የማሽኑ ጥፋት አይደለም።

ያናደደኝ ሻጩ ነው። ካፒላሪው ውስጥ የሚሞላውን ፖሊመር ብናዝዘው ለሲክወንሲንግ የሚሆነውን፣ ዩሪያ ያለበትን ላከልን። ዩሪያ ክሩ እንዳይታጠፍ ያደርጋል፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው መታጠፉን ነው! በትዕዛዙ ላይ «ዩሪያ የሌለበት» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ፎርማማይዱንም ትኩስ ግዙ፣ በትናንሹ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። የቆየ ፎርማማይድ ይፈርስና ጨው ያበዛል፤ ፒኩ ይከስማል። ጓንት እንዳትረሱ፣ ጎጂ ነው።

መብራትን በተመለከተ፣ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ። ሥራ ሲያልቅም የካፒላሪዎቹ ጫፍ ውሃ ወይም በፈር ውስጥ መሆኑን አይታችሁ ውጡ። ከደረቀ ፖሊመሩ ውስጡ ይጋገራል፣ አዲስ ካፒላሪ ደግሞ ውድ ነው፤ እስኪመጣም ያስጠብቃል።

ለወባ መድኃኒት መላመድ ወይም ለቲቢ የታወቁ ጥቂት ለውጦችን ብቻ ለምትፈልጉ፣ ለነሱ የተዘጋጀ ምርመራ ይቀልላችኋል፤ ይሄን አትግዙ። የት እንዳለ ያልታወቀ ለውጥ ፍለጋ ብዙ ናሙና ለምታበጥሩ ግን ይሁን እላለሁ፣ ሻጩ 18 ዲግሪን እፊታችሁ አውርዶ ካሳያችሁ።