ከሰሙ በኋላ ምን ይደረጋል? ለወጣት ማዕከል ሠራተኞች የተዘጋጀ የቤተሰብ ውስጥ ጥቃት ሥልጠና ሲገመገም

ከወጣቶች ጋር የሚሠራ ሰው፣ የማዕከል አስተባባሪም ይሁን የስፖርት አሠልጣኝ ወይም የጥናት ረዳት፣ በቤት ውስጥ ስለሚፈጸም ጥቃት ከፖሊስም ከሐኪምም ቀድሞ የሚሰማበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ወጣቶች ምሥጢራቸውን የሚያወጡት ለዚያ ተብሎ በተዘጋጀ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ኳስ ሲሰበሰብ፣ ወንበር ሲደረደር ወይም ወደ ቤት መሄጃ ሰዓት ሲቃረብ ነው። እዚህ የምገመግመው ሥልጠና የተዘጋጀው ለእነዚህ ሠራተኞች ሲሆን፣ ዓላማውም የጥቃትን ምልክት እንዲለዩና ተገቢውን የመጀመሪያ ምላሽ እንዲሰጡ ማስቻል ነው። በኢንተርኔት የሚጠና ክፍል አለው፤ ከዚያም በአካል የሚካሄድ ልምምድ ይከተላል። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ የወጣት ሠራተኛ መርማሪ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ሰምቶ ዝም የሚል ሰውም ሊሆን እንደማይገባ ይህን ያህል አጥርቶ የሚያስተምር ሥልጠና ብዙ አላየሁም። ሊታረሙ የሚገባቸው ቁምነገሮችም አሉት፤ እነርሱንም ሳልሸፍን እጽፋለሁ።

በኢንተርኔት ስለሚሰጠው ክፍል ብዙ የምለው የለም። ጥቃትን አካላዊ፣ ወሲባዊ፣ ሥነ ልቦናዊና ኢኮኖሚያዊ ብሎ ከፋፍሎ ያስተዋውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 19 መንግሥታት ልጆችን ከአካላዊና ከአእምሯዊ ጥቃት፣ ከቸልተኝነትና ከብዝበዛ እንዲጠብቁ እንደሚያስገድድም ያስረዳል። ጽሑፉ ግልጽ ነው። የማጠቃለያ ፈተናው ግን ትምህርቱን በቅጡ ሳይከታተሉ ሊታለፍ የሚችል የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ፣ የዚህን ክፍል ምስክር ወረቀት ብቻ ይዞ የመጣን ሠራተኛ ሠልጥኗል ብሎ መቁጠር አይገባም።

የሥልጠናው ብርታት የሚታየው በአካል በሚካሄደው ክፍል ነው። አሠልጣኞቹ ከሁሉ አስቀድመው ያረሙት «ልጁ ራሱ እስካልተመታ ድረስ ጉዳዩ የወላጆቹ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ ነበር። እናቱ ስትደበደብ የሚያይ፣ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ የሚሰማ ወይም በማግስቱ በቤቱ በሚሰፍነው ፍርሃት ውስጥ የሚኖር ልጅ ራሱ ተጎጂ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ጥቃቱን የሚያይ፣ የሚሰማ ወይም መዘዙ የሚደርስበትን ልጅ በራሱ የጥቃቱ ተጠቂ አድርጎ መደንገጉ በምሳሌነት ቀርቧል። ይህ ነጥብ በሚገባ ካልተያዘ፣ አንድ ሠራተኛ ልጁ ላይ ጉዳት ፍለጋ ሲመለከት ዋናው ነገር ሊያመልጠው ይችላል።

ከዚህ ቀጥለው የተዘረዘሩት ምልክቶች ሰንበርና ቁስል ፈልጉ ከሚለው የተለመደ ምክር በእጅጉ ይርቃሉ። ማዕከሉ ሊዘጋ ሲል ምክንያት እየፈጠረ የሚዘገይ ልጅ፣ ታናሽ እህቱን ቤት ትቶ መምጣት ስለማይሆንለት ለዕድሜዋ ወደማይመጥን ፕሮግራም ሁሉ ይዟት የሚመጣ ወንድም፣ የት እንዳለች በየሰዓቱ ፎቶግራፍ አንስታ እንድትልክ የምትጠየቅ ወጣት፣ ውኃ በመድፋቱ ብቻ ደጋግሞ ይቅርታ የሚለምን ታዳጊ ተጠቅሰዋል። ከሁሉ የወደድኩት እጅግ ጨዋና ታዛዥ የሆነው፣ ሁሉን ሰው ለማስደሰት የሚጣጣረው ልጅም ልብ ሊባል እንደሚገባ መነገሩ ነው፤ የሠራተኛ ዓይን የሚያርፈው በሚረብሹት ላይ ስለሆነ እንዲህ ያለው ልጅ ለዓመታት ሳይታይ ሊቀር ይችላልና። አሠልጣኞቹ በዚሁ አላቆሙም፤ ሐዘን፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ረሃብ ወይም የትምህርት ጭንቀት ተመሳሳይ መልክ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ምልክት ማለት ቀረብ ብሎ ለመጠየቅ የሚያበቃ ምክንያት እንጂ ለመደምደም የሚያበቃ ማስረጃ አለመሆኑን ደጋግመው አስገንዝበዋል።

ቁጥጥርን መሠረት ስላደረገ ጥቃት የተሰጠው ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ፣ በዱሉት ከተማ፣ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች በተሰበሰበ ልምድ በተዘጋጀው የኃይልና የቁጥጥር መንኮራኩር ሥዕል ላይ የተመረኮዘ ነው። ሥዕሉ ማስፈራራትን፣ ከሰው መነጠልንና ገንዘብ መከልከልን እንደ አንድ ሥርዓት አያይዞ ስለሚያሳይ ዛሬም ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ የተሠራው ለአዋቂ ጥንዶች በመሆኑ፣ ለወጣቶች ሲቀርብ የስልክ ክትትልንና የማኅበራዊ ሚዲያ የይለፍ ቃል ተቀብሎ መያዝን የመሳሰሉ ነገሮች ሊጨመሩበት ይገባ ነበር። ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ትንተና መሠረት፣ የፍቅር ወይም የትዳር ግንኙነት ካላቸው ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ልጃገረዶች መካከል 24 በመቶ የሚሆኑት በተጓዳኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ በአንድ የወጣት ማዕከል ውስጥ ጥቃት የወላጆች ታሪክ ብቻ ተደርጎ ሊነገር አይችልም።

የመጀመሪያ ምላሽን በተመለከተ ሥልጠናው የተከተለው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለጤና ባለሙያዎች ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ ያለውን አካሄድ ነው፤ ይኸውም ማዳመጥ፣ የሚያስፈልገውን መጠየቅ፣ የተነገረውን እንደሚያምኑ ማሳየት፣ ደኅንነትን ማጠናከርና ከድጋፍ ጋር ማገናኘት ነው። እነዚህን አምስት ነገሮች በቃል መያዝ ቀላል ነው፤ ከባዱ አንድ ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ ሲናገር በተግባር ማዋሉ ነው። የሚና ጨዋታው ዋጋ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። አንዷ አሠልጣኝ የ15 ዓመት ልጅ ሆና «ለማንም እንደማትናገሪ መጀመሪያ ቃል ግቢልኝ» ስትል፣ ሠልጣኟ በደግነት ተገፋፍታ «እሺ የኔ ቆንጆ፣ ለማንም አልናገርም» አለቻት። ጨዋታው እዚያው ላይ እንዲቆም ተደረገ። ቀጥሎ ሁላችንም፣ እያንዳንዳችን በራሳችን አነጋገር እስኪለምድልን ድረስ የተለማመድነው ንግግር እንዲህ የሚል ነበር፦ «የምትነግሪኝን ከልቤ እሰማሻለሁ። አንቺ ወይም ሌላ ሰው አደጋ ላይ መሆናችሁን ካወቅኩ ግን ብቻዬን ይዤው መቀመጥ አልችልም። ለማን እንደምናገርና ምን እንደምል ግን አስቀድሜ ለአንቺ እነግርሻለሁ።» ልጅቷ ይህን ሰምታ ዝም ልትል ትችላለች፤ አሠልጣኞቹም ይህን አልደበቁም። ነገር ግን ቃል ተገብቶላት በኋላ የተከዳች ልጅ ሌላ ሰው ለማመን እንደምትቸገር፣ እውነቱን አስቀድማ የሰማች ልጅ ግን ቆይታም ቢሆን የመመለስ ዕድሏ ሰፊ እንደሆነ ሲያስረዱ በክፍሉ ውስጥ የተቃወመ አልነበረም።

መደረግ የሌለባቸው ነገሮች የቀረቡበት ክፍል አጭር ቢሆንም ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው እርሱ ነው። «ለምን አልተውሽውም?» ወይም «ምን አድርገህ ነው?» የሚሉ ጥያቄዎች ጥፋቱን በተጎጂው ላይ ይጥላሉ። ነገሩን ለማጣራት ተብሎ ለወላጅ ስልክ መደወል፣ ልጁ መናገሩን ጥቃት ለሚያደርሰው ሰው ማሳወቅ ሊሆን ይችላል። ቋንቋ የማይችልን ልጅ በዘመድ አስተርጓሚነት ማነጋገር፣ ወይም ወንድምና እህት በተገኙበት መጠየቅም እንዲሁ አደገኛ ነው። በደግ ልብ የሚሰጥ የእርዳታ መስመር በራሪ ወረቀት እንኳ ማታ ቦርሳ ሲፈተሽ ሊገኝ ስለሚችል፣ ልጁ ወረቀቱን ይዞ መሄድ ይችል እንደሆነ መጀመሪያ መጠየቅ እንደሚገባ ተነግሯል። እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚገኘው ሥራውን በእጁ ከሠራ ሰው ብቻ ነው።

የማስታወሻ አያያዝ ልምምዱም ሊመሰገን ይገባል። «ልጁ ፈርቶ ነበር» ብሎ መጻፍ የጸሐፊው ግምት ነው፤ «ስልኩ ሲጮህ ንግግሩን አቋረጠ፣ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ተመለከተ፣ ‹አሁን ካልሄድኩ ይቆጣል› አለ» ብሎ መጻፍ ግን ለማኅበራዊ ሠራተኛውም ሆነ ጉዳዩ ከደረሰ ለፍርድ ቤት የሚረዳ መዝገብ ነው። ሠልጣኞች የራሳቸውን ማስታወሻ አውጥተው በዚህ መልክ እንደገና እንዲጽፉ የተደረገበት ሰዓት በከንቱ አልጠፋም።

አደጋን ስለመመዘን በተሰጠው ትምህርት ውስጥ ሁለት ነጥቦች ጎልተው ወጥተዋል። አንደኛው አንገት ማነቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ቀደም ሲል በተጓዳኛቸው አንገታቸው የታነቁ ሴቶች በኋላ የመገደላቸው ዕድል ከ7 እጥፍ በላይ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል፤ ስለዚህ አንድ ልጅ «አንገቷን ያዛት» ብሎ በቀላሉ ቢናገር እንኳ ጉዳዩ በዚያው ቀን ወደሚመለከተው ባለሙያ መድረስ አለበት። ሁለተኛው የመለያየት ወቅት ነው። እናት ከቤት ለመውጣት ስትዘጋጅ ወይም ከወጣች በኋላ አደጋው እንደሚብስ ያልተነገረው ሠራተኛ፣ «ተለያይተዋል» የሚለውን ዜና እንደ እፎይታ ተቀብሎ ክትትሉን ሊያላላ ይችላል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። ሥልጠናው በልጅነት ስለሚደርሱ ክፉ ገጠመኞች እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመውን ጥናት በሰፊው ያስተምራል፤ አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት ክፉ ገጠመኝ ያለፈባቸው ሰዎች ለአልኮል ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት በብዙ እጥፍ እንደሚጨምርም ይገልጻል። ይህ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ሠልጣኞች በአንድ ምናባዊ ወጣት ታሪክ ላይ ለእያንዳንዱ ዓይነት ክፉ ገጠመኝ አንድ ነጥብ እየቆጠሩ የወደፊት ዕጣውን እንዲገምቱ ተጠይቀዋል። ይህ ነጥብ የብዙ ሕዝብን ጤና ለማጥናት የተሠራ እንጂ የአንድን ሰው ዕጣ ለመተንበይ የተሠራ አይደለም፤ የጥናቱ ዋና ተመራማሪዎች ከሆኑት አንዱ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ከሌሎች ጋር በጻፉት ጽሑፍ ስለዚህ ዓይነቱ አጠቃቀም አስጠንቅቀዋል። አንድ የወጣት ሠራተኛ የሚያውቀውን ልጅ እንደ ቁጥር ማየት ከጀመረ፣ በቀደሙት ክፍሎች የተማረው ማዳመጥ ሁሉ ይበላሻል። ይህ መልመጃ መውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ።

የበለጠ ያሳዘነኝ ግን ራሳቸው በቤት ውስጥ ጥቃት ስለሚያደርሱ ወጣቶች የተሰጠው ጊዜ እጅግ አጭር መሆኑ ነው። እናቱን የሚገፋ፣ እህቱን የሚደበድብ ወይም የፍቅር ጓደኛውን የሚያስፈራራ ታዳጊ ወደ ማዕከሉ የሚመጣው በዚያው በር ነው፤ ብዙ ጊዜም ቀደም ሲል ጥቃት ያየ ወይም የደረሰበት ልጅ ነው። ሠራተኛው ደርሶበት የነበረውን በደል ሳይክድ፣ አሁን የሚያደርሰውንም በደል ሳያቃልል እንዴት ሊያነጋግረው እንደሚችል፣ የቤተሰቡንስ ደኅንነት እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያሳይ አንድም የሚና ጨዋታ አልነበረም። ጥያቄው ሲነሳ «ወደ ባለሙያ አስተላልፉት» የሚል መልስ ተሰጠ። ማስተላለፉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ነገም ተመልሶ ስለሚመጣ፣ በመካከል ያለውን ጊዜ ሠራተኛው ብቻውን ነው የሚጋፈጠው። የአካል ጉዳት ያለባቸው ወጣቶች፣ በተለይም ጥቃት የሚያደርስባቸው ሰው ራሱ ተንከባካቢያቸው የሆነባቸው፣ በአንድ ስላይድ ብቻ መታለፋቸውም ተመሳሳይ ጉድለት ነው።

በአንጻሩ ሥልጠናው ለሠልጣኞች ያሳየው ጥንቃቄ ለሌሎች አዘጋጆች አርአያ ሊሆን ይችላል። በየትኛውም የሠልጣኞች ክፍል ውስጥ ጉዳዩን በራሱ ቤት የኖረ ሰው ይኖራል ተብሎ ስለታሰበ፣ ማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ወጥቶ መመለስ ይችል ነበር፤ የሥነ ልቦና ባለሙያም በሌላ ክፍል ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። የግል ታሪክ እንዲናገር የተገደደ ሰው አልነበረም።

ሥልጠናውን ለመውሰድ ለሚያስቡ ድርጅቶች የምሰጠው ምክር ሠራተኞችን ብቻቸውን እንዳይልኩ ነው። አብሮ መሠልጠን ያለበት ሌሊት ስልክ የሚያነሳው፣ ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ወይም ወደ ፖሊስ ለመሄድ የሚወስነው ኃላፊ ነው፤ ልጁ ከተናገረ በኋላ ሠራተኛው የሚያማክረው ሰው ያልሠለጠነ ከሆነ የተማረው ሁሉ በቢሮው በር ላይ ይቆማል። በአካባቢያቸው ያለውን የሪፖርት ግዴታ፣ የመጠለያና የሕክምና አድራሻም ከሥልጠናው በፊት ሰብስበው ይዘው ቢሄዱ ይሻላል፤ ምክንያቱም አዘጋጆቹ ባዶ ቅጽ ይሰጣሉ እንጂ ቅጹን አይሞሉትም። ከመመዝገባችሁ በፊትም ከወራት በኋላ የሚደረገው የክትትል ስብሰባ በክፍያው ውስጥ መካተቱን ጠይቁ። በእኛ ዙር በአማራጭነት ብቻ የቀረበ ሲሆን፣ የተገኘነው ግማሾቻችን ብንሆንም ከእውነተኛ ጉዳዮች የተነሱት ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ቀን ጥያቄዎች ሁሉ የከበዱና የጠለቁ ነበሩ።