ስኖርክል፣ ሳይክሎን ራስና የወረቀት ፊልትሮ፦ ከወራት አቧራ በኋላ

እዚህ የሚገመገመው ቅንብር ሦስት ክፍል አለው፦ በፓራፋንጎው በኩል ወጥቶ እስከ ጣራ የሚደርስ የፕላስቲክ ስኖርክል (የሞተሩን አየር ከከፍታ የሚስብ ቱቦ)፣ ጫፉ ላይ የተገጠመ፣ አየሩን አሽከርክሮ አቧራውን ወደ ጎን የሚወረውር ሳይክሎን ቅድመ ማጣሪያ፣ በፊልትሮው ቤት ውስጥ ደግሞ የፋብሪካው ዓይነት የወረቀት ፊልትሮ። መኪናው ላንድ ክሩዘር 70 ሲሆን ሞተሩ 1ኤችዜድ ነው፤ 4,164 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። በኮረኮንች፣ በደቃቅ አቧራና በጭቃ ለወራት ሠርቷል። ጉልበት አልጨመረም፣ ነዳጅም አልቆጠበም። ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለው ቱቦ ግን ንጹሕ ሆኖ ቆይቷል፤ ለአቧራ መኪና ከዚህ የሚበልጥ ውጤት የለም።

ፋሻን (የፒስተን ቀለበትን) እና ሲሊንደርን ክፉኛ የሚበላው በዓይን የሚታየው አሸዋ ሳይሆን ከ5 እስከ 20 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ያለው ዱቄት ነው፤ በዘይቱ ስስ ሽፋን መሐል ገብቶ ብረቱን የሚሞርደው እሱ ነው። ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ይህን ይይዛል፤ ላዩ ላይ ጥቂት አቧራ ሲጋገርበት ደግሞ የማጣራት ብቃቱ ይበልጥ ይሻሻላል። በዘይት የሚርሰው የጥጥ ፊልትሮ አየር በቀላሉ ያሳልፋል፣ ታጥቦም ተመልሶ ይሠራል፤ ብቃቱ ግን በሚቀባው ሰው እጅ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዘይቱ ካነሰ አቧራ ያልፋል። ከበዛ ደግሞ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ያለውን የአየር መጠን ሴንሰር ይለብሰውና ንባቡ ይዛባል። የስፖንጅ ፊልትሮ ብዙ አቧራ ይሸከማል፣ ነገር ግን አጣቢው በየጊዜው አድርቆ እንደገና ዘይት እስከ መሐሉ ድረስ ማስገባት አለበት፤ በቤንዚን ማጠብ ማጣበቂያውን ይፈታዋል፣ ለእሳትም አደገኛ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ትቶ ከፊቱ ያለውን ማሻሻል የተሻለው ምርጫ ነው።

የሳይክሎን ራስ ሲመረጥ መልኩን ከማየት በፊት የሞተሩን የአየር ፍላጎት ማስላት ያስፈልጋል። ባለአራት ምት ሞተር እያንዳንዱን ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ይሞላል። ስለዚህ 4.164 ሊትር በደቂቃ 3,800 ዙር ግማሽ፣ ማለትም በ1,900 ሲባዛ 7,912 ሊትር በደቂቃ ይሰጣል። ሲሊንደሩ በተግባር ሙሉ ስለማይሆን በ0.85 ይባዛል፤ ውጤቱ 6.7 ሜትር ኩብ በደቂቃ ገደማ ነው። ቱርቦ ላለው ሞተር ቁጥሩ እንደ ግፊቱ ያድጋል፤ 1 ባር ግፊት ወደ እጥፍ ሊያስጠጋው ይችላል። ይህ ቁጥር የሳይክሎኑ ራስ ላይ ከተጻፈው የአየር መጠን ክልል ውስጥ መውደቅ አለበት። ራሱ ካነሰ ሞተሩን ያፍናል። ከበዛ ደግሞ አየሩ በበቂ ፍጥነት ስለማይሽከረከር አቧራውን ወደ ጎን አይወረውረውም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቱቦውም ስፋት እንዲሁ ነው፦ የውስጥ ዲያሜትሩ ከ75 ወደ 63 ሚሊ ሜትር ቢጠብ፣ በእኩል የአየር መጠን በዚያ ቦታ የሚባክነው ግፊት እጥፍ ይሆናል።

ገጠማው ከዕቃው ይበልጣል። ፓራፋንጎው ላይ ከዕቃው ጋር በሚመጣው ንድፍ ምልክት ተደርጎ መጀመሪያ በ3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይበሳል፤ ትልቁ ቀዳዳ በኋላ ይከተላል። የተቆረጠው ጠርዝ ካልተሞረደና የዝገት መከላከያ ቀለም ካልተቀባ፣ በክረምት ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ብሎኖቹ ፕላስቲክ ውስጥ ወደተቀበረ ናስ ስለሚገቡ በጣም ከጠበቁ ናሱ አብሮ ይዞራል። በየመገጣጠሚያው ያለው ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) በሁለቱም ጫፍ ክላምፕ ያስፈልገዋል። ከሳምንታት መንቀጥቀጥ በኋላ ክላምፖቹ ስለሚላሉ ዳግም መጥበቅ አለባቸው።

ቀጥሎ ፍተሻ ነው። ሳይክሎኑ ወልቆ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የስኖርክሉ አፍ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ይደፈናል፤ በእጅ ወይም በጨርቅ መድፈን አይገባም። ሞተሩ በጥቂት ሰከንድ ታፍኖ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ከሌላ ቦታ አየር እየሳበ ነው፣ በዚያው ቦታ ውሃም ይገባል። ውሃ ደግሞ አይታመቅም፤ ፒስተኑ ሲገፋው ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጎብጣል። ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ ይህን ከመሞከር በጭስ መፈተሽ ይሻላል፣ ምክንያቱም ድንገተኛው መሳብ ከቱርቦው ዘይት ሊያወጣ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው በፊልትሮው ቤት ሥር ያለችው አቧራ መጣያ ጎማ ናት። ስትደርቅ ወይም ስትሰነጠቅ የምትጥለውን አቧራ መልሳ ታስገባለች።

በሥራ ላይ ሳይክሎኑ ጥቅሙን በግልጽ ያሳየው ሞተሩ ዙር ይዞ ሲሄድ ነው። በሌላ መኪና አቧራ ውስጥ በዝግታ ሲጓዝ ግን የአየሩ ፍጥነት ስለሚቀንስ ብዙው ሸክም ወደ ወረቀቱ ይተላለፋል፤ ራቅ ብሎ መከተልን የሚተካ ዕቃ የለም። ቋሚ ክንፍ ያለው ራስ ከሚሽከረከረው ይመረጣል፣ ጭቃ የሚያስረው ኩሽኔታ የለውምና። ቅሬታም አለ፦ በፍጥነት ሲኬድ በመስኮቱ በኩል የሚሰማ ፉጨት ይሰለቻል፣ ከፍ ያለው ራስ ደግሞ በዛፍ ቅርንጫፍ ይመታል።

ንጽሕናን ለማረጋገጥ ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ስስ ግሪስ ቀብቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በነጭ ጨርቅ መጥረግ በቂ ነው። በጣት ሲፈተግ አሸዋ አሸዋ የሚል ግሪስ የፊልትሮው ዙሪያ አጥብቆ እንደማይዘጋ ይናገራል።

ፊልትሮውን በየቀኑ መክፈት አይመከርም፤ በተከፈተ ቁጥር አቧራ ወደ ንጹሑ በኩል የመውደቅ ዕድል አለ። የመምጠጥ መለኪያ ተገጥሞ የሞተሩ መመሪያ የሚለውን ወሰን ሲደርስ (ለብዙ ናፍጣ ሞተሮች 6 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው) መክፈት ይሻላል። ማጽዳት ግድ ከሆነ ከ2 ባር ባልበለጠ አየር ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያም መብራት ውስጡ አስገብቶ ቀዳዳ መፈለግ። ጎማ ላይ መጠፍጠፍ ጠርዙን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ጠርዝ ደግሞ አይገጥምም።

ኮፈን ሥር ክፍት ሆኖ የሚቀመጠው ሾጣጣ ፊልትሮ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሞተሩን ትኩስ አየር ይስባል፣ ከጎማ የሚረጨው ውሃና ጭቃም በቀጥታ ይደርስበታል። ጥልቅ ውሃ የሚሻገር ሰው ስኖርክል ብቻ እንደማይበቃው ይወቅ፤ የዲፈረንሻልና የካምቢዮ መተንፈሻ ቱቦዎችም ከፍ መደረግ አለባቸው። አቅም ለጊዜው ካነሰ መጀመሪያ ጥራት ያለው አዲስ ወረቀት፣ አዲስ የአቧራ መጣያ ጎማና ጠንካራ ክላምፕ ይገዛ፤ ስኖርክሉና ሳይክሎኑ በኋላ ይደርሳሉ።