የአባቴን መድኃኒት በቅጡ ላስረዳችን የጅማ ፋርማሲስት ምስጋናና ጥቆማ

አባቴ የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚ ሲሆኑ፣ በየ28 ቀኑ ከእምብርት በታች በቆዳ ሥር የሚሰጠውን የጎሰረሊን መርፌ መውሰድ ከጀመሩ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በቅርቡ የፒኤስኤ (ከፕሮስቴት ሴሎች የሚወጣና በደም ምርመራ የሚለካ ፕሮቲን) ውጤታቸው ከ86 ወደ 1.2 መውረዱን ሲያዩ «እንግዲህ ድኛለሁ፤ የመርፌው ወጪ ይብቃ» ብለው ለማቆም ወሰኑ። ቀድሞ መድኃኒቱን የምንገዛበት ቤት ሂሳብ ከመቀበል ያለፈ ቃል ተናግሮን ስለማያውቅ፣ እኔም የምመልሰው አጣሁ።

በፈረንጅ አራዳ በኩል ባለች አነስተኛ መድኃኒት ቤት የምትሠራው እህታችን ግን ወንበር አቅርባላቸው «አባባ፣ ይህ ቁጥር ሴሎቹ ዝም ማለታቸውን እንጂ ማለቃቸውን አይነግርዎትም» አለቻቸው። ከዚያም በመድኃኒት ከረጢት ጀርባ ላይ ሴሉንና ኒውክለሱን (ዲኤንኤ የሚገኝበትን የሴሉን ማዕከል) በስክሪብቶ ስላ፣ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ፕሮስቴት ውስጥ ሲገባ በኢንዛይም ወደ በረታ ሆርሞን እንደሚለወጥ፣ ይህም ከአንድሮጅን (የወንድ ሆርሞን) ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ተቀባዩ ኒውክለሱ ውስጥ ገብቶ በዲኤንኤው የተወሰኑ ቦታዎች ላይ እንደሚያርፍና በዚያ የሚታዘዙት ጂኖች እንዲነበቡ እንደሚያደርግ አሳየችን። ከጂኖቹ አንዱ ራሱ ፒኤስኤ የሚሠራበት ነው፤ ሌሎቹ ሴሉ እንዲያድግና እንዲባዛ ያግዛሉ። መርፌው የዘር ፍሬዎች ሆርሞኑን እንዳያመርቱ ስለሚያደርግ ጂኖቹ ይዳከማሉ፤ ሲቋረጥ ግን ሆርሞኑ ሊመለስ፣ ጂኖቹም ዳግም ሊነቁ ይችላሉ። መርፌው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆርሞኑን ለጊዜው ከፍ ያደርጋልና፣ ያኔ የተቀባዩን ቦታ ቀድሞ የሚይዘው የቢካሉታማይድ እንክብል ለምን እንደታዘዘላቸው የገባኝም ገና አሁን ነው።

«እስከ መቼ ይሠራል?» ስላት አልሸነገለችንም። አንዳንድ ሴሎች ውለው አድረው የተቀባዩን ጂን አብዝተው በጥቂት ሆርሞን መኖር እንደሚለምዱ፣ ሌሎቹም ሆርሞን የሚይዘው ክፍል የሌለውን፣ ኤአር ቪ7 የሚባለውን አጭር ተቀባይ በመሥራት ያለ ሆርሞን ጂኖቹን እንደሚያስነብቡ ገለጸችልን፤ ስለዚህ ቁጥሩ መጨመር ከጀመረ ሳይዘገዩ ሐኪማቸው ዘንድ እንዲሄዱ መከረቻቸው። ሆርሞኑን መቀነስ በሽታውን እንደሚያስታግስ ቻርልስ ሃጊንስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1941 ማሳየቱንና በ1966 ኖቤል መሸለሙን ስትጨምርላቸው፣ ጡረታ የወጡት መምህር አባቴ ዓመቶቹን በማስታወሻ ደብተራቸው ጻፉ። አብረውን ለነበሩት ጓደኛቸውም ሁሉንም በአፋን ኦሮሞ ደገመችላቸው።

አባቴ የዚያን ሳምንት መርፌ በቀኑ ወሰዱ። እህታችን ሆይ፣ እጅግ እናመሰግናለን። ስሟ እንዳይጠቀስ ስለፈለገች አልጻፍኩትም፤ ቦታውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቤቷ ጠባብ ናት፣ ጠዋት ወረፋ ይበዛባታልና ከሰዓት በኋላ መሄድ ይሻላል፤ ያለ ሐኪም ማዘዣም አትሸጥምና ማዘዣውንና የላቦራቶሪ ውጤቱን ይዛችሁ ሂዱ።