ሰርቨር ያላችሁ፣ ይህን ልጅ ያዙት

የቢሯችንን ሰርቨር ያስተካከለልን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው! ሌላ ምን እላለሁ።

የሂሳብ መዝገብ የምንሠራ ትንሽ ቢሮ ነን። የደንበኞቻችን ደመወዝ፣ ግብር፣ ሁሉም ያለው ሊኑክስ በሚባል ሲስተም የሚሠራ አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ተለማማጆቻችን ፋይሉን ያያሉ እንጂ አይነኩም። በየካቲት 2014 መጨረሻ "ደርቲ ፓይፕ" የሚባለው የከርነል (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሲሆን የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ማየት ብቻ የተፈቀደለት ሰው በዚያ ቀዳዳ ፋይሉን ሊቀይረው ይችላል አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

የመጀመሪያው ባለሙያ ሳቀብኝ። "እናቴ፣ ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም።" እኔ መች ስለ ቫይረስ ጠየቅኩ? ሁለተኛው ከስልኩ ቀና ሳይል ሃያ ደቂቃ ቆይቶ "አፕዴት ሆኗል" አለ። 3,000 ብር ተቀበለ። ደረሰኝ ስለው ተቆጣ። የሂሳብ ሠራተኛን ደረሰኝ መከልከል!

ይህን ልጅ የጠቆሙኝ ጎረቤት ቢሮ ያሉት ናቸው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና "ከመጀመሪያው ይንገሩኝ" አለኝ። ተናግሬ እስክጨርስ ኪቦርድ አልነካም። ቀዳዳውን ያገኘው ማክስ ኬለርማን የሚባል ፕሮግራመርም የጀመረው ከአንድ ደንበኛ ስሞታ ነው አለኝ፤ ያወረድኩት ፋይል አልከፈት አለኝ ከሚል። "ስሞታ መስማት ደግ ነው" ብሎ ሳቀ።

ከዚያ አንድ መስመር ጻፈ። "አዲሱ ተጭኗል። ግን ማሽኑ ጠፍቶ ስላልተነሣ እስከ ዛሬ የሚሠራው በአሮጌው ከርነል ነው።" ወይ 3,000 ብሬ! መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆየውን ዩፒኤስ ባንገዛ ኖሮ እኮ መብራቱ ጠፍቶ በነጻ ይገላግለን ነበር።

ደመወዝ እየሠራን ስለነበር ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣቱ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን አለ። እስከዚያ የተለማማጆቹን መግቢያ ዘጋ። ቅዳሜ መጥቶ መጀመሪያ ሁሉንም ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠ። "ከቅጂው አንዱን ራስዎ መርጠው ይክፈቱ" አለኝ። የ2012ን የደመወዝ መዝገብ ከፈትኩ፤ እስከ ሳንቲሙ አለ። ፓስወርዴን ስጽፍ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ማንም እንዲህ አድርጎልኝ አያውቅም።

ማሽኑን ሲያጠፋው ስክሪኑ ጠቆረ። እኔ ስለት ተሳልኩ፤ እሱ የቀዘቀዘ ቡናውን ይጠጣል። ተነሣ! የከርነሉ ቁጥር መቀየሩን አሳየኝ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፤ ብቻ በወረቀት ጽፎ ሰርቨሩ ላይ ለጠፈልኝ።

1,500 ብር ጠየቀኝ። ደረሰኙን ሳልጠይቀው ቆረጠ። ያዙት፣ እባካችሁ ያዙት። ስልኩን በኢንቦክስ እልካለሁ፤ ዋጋ አትከራከሩት። እኔ ደግሞ እሁድ ስለቴን አስገባለሁ።