ፓስወርዱን በፖስታ አሽጎ ለአባቴ ለሰጠው ልጅ ምስጋና (ማርቆስና አካባቢው ላላችሁ ነጋዴዎች)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የማርቆስ ልጆች፣ የጎጃም ነጋዴዎች በያላችሁበት። እኔ እንኳን ሌላው የጻፈውን አንባቢ እንጂ ጽፌ አላውቅም፣ ግን ይሄን ልጅ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር፣ ማርቆስን! ይቆጨኛል። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ስለ ኮምፒውተር ነው፣ የሱቃችንን ስላስተካከለልን ልጅ። ቆይ አትሂዱ! ሱቅ ያላችሁ፣ ፋርማሲ ያላችሁ፣ ክሊኒክ ያላችሁ፣ የግል ትምህርት ቤት ያላችሁ ይመለከታችኋል።

እኛ የሕንፃ መሳሪያ ነው የምንሸጠው። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ ምን የሌለ አለ። አባዬ በ1984 በአንዲት ክፍል ሚስማርና ማጠፊያ ይዞ ነው የጀመራት፣ አሁን እግዜር ይመስገን ሱቁ፣ ከጀርባ ቢሮውና መጋዘኑ ተጨምሮ 7 ኮምፒውተር ደርሰናል። ሂሳብ ሰራተኛዋ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ፣ መጋዘኑ ስቶክ ፕሮግራሙ ላይ፣ ካሸሯ ሽያጩ ላይ፣ ሁሉም ግን ሰርቨር ከሚሏት ከአንዲት ኮምፒውተር ነው የሚቀዱት። እሷ ካስነጠሳት ሁላችንም እንታመማለን።

ይቺ ሰርቨር ናት እንግዲህ አምስት ዓመት ሙሉ አሳራችንን ያበላችን።

መጀመሪያ ዓባይን ተሻግረን 300 ኪሎ ሜትር ሄደን ነው የገዛናት። ክራቫት ያሰሩ ሰዎች ቡና ጋብዘው፣ በስክሪን ቀለም ቀለም ያለው ነገር እያሳዩ ሸጡልን፣ ዋጋውን ብነግራችሁ አባዬ ያነበዋል ብዬ እፈራለሁ። ፕሮግራሙን ደግሞ ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት የሚገባበት ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ነው) እናድርግላችሁ፣ ምንም አታስቡ አሉን። ኢንተርኔት ሳይኖር በከረመበት ጊዜ ታዲያ የራሳችንን ሚስማር ብዛት ለማየት አልቻልንም። እቃው እዚህ ፊታችን ተቆልሎ፣ ቁጥሩ ሰማይ ላይ! ስልክ ስንደውል "አጥፍታችሁ አብሩት"። አጥፍተን አበራነው፣ ደግመን አጥፍተን አበራነው። በኋላ ስልኩንም ማንሳት ተዉ።

ከዛ አንድ እዚሁ ያለ ሰው መጣ። ስሙን አልጠራም፣ እሱ ካነበበ ራሱን ያውቃል። ኮምፒውተሯን "ቤቴ ወስጄ ልያት" ብሎ ሦስት ሳምንት አቆይቶ ፎርማት አድርጎ፣ ማለት ውስጧ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ መለሳት። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ነበረኝ አለ፣ ከዛ ፍላሹ ጠፋ አለ፣ ከዛ ደግሞ እናንተ ናችሁ ባክአፕ አታድርግ ያላችሁኝ አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሰጠነው ዱቤ በሙሉ፣ ግንባታ ሁሉ የሚካሄድበት ጊዜ እኮ ነው፣ እልም አለ።

የዛን ቀን እኔ መጋዘን ገብቼ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ኮምፒውተር ይግባ ብዬ አባዬን የወተወትኩት እኔ ነኝና። አባዬ ከ1984 ጀምሮ ዱቤውን በሰማያዊ ደብተር ሲጽፍ አንዲት ብር ጠፍታበት አታውቅም። አልተቆጣኝም። በነጋታው ዱላውን ይዞ ወጣና በየቤቱ እየዞረ "ልጄ፣ ስንት ነበር ያለብህ? የኔ ጠፍቶብኛል" እያለ ጠየቀ። ብታምኑም ባታምኑም አብዛኛው ሰው እውነቱን ተናገረ! ከአማኑኤል በኩል አንድ ገበሬ ሰምቶ በራሱ እግር መጥቶ "12 ቆርቆሮና ሁለት ኪሎ ሚስማር አለብኝ" ብሎ ቆጥሮ ከፍሎ ሄደ። በትልቁ የወሰደ አንድ ሥራ ተቋራጭ ደግሞ እስከ ዛሬ ስልኩ "ጥሪ አይቀበልም" ነው የሚለው። ይሁን።

ሦስተኛው ሰው ጎበዝ ነበር፣ አልክድም፣ አስተካክሎልን ነበር። ግን ፓስወርዱን ሁሉ ለራሱ ይዞ ሄደ። አዲስ ካሸር ስንቀጥር እሱን ጠርተን እንከፍላለን፣ ፕሪንተር ስንቀይር እሱን ጠርተን እንከፍላለን፣ በኋላ ሌላ ከተማ ስራ አገኘና ፓስወርዱን ስጠን ስንለው ገንዘብ ጠየቀን። በገዛ ቤታችን ቁልፉ ሰው እጅ! ይሄ ነገር ስንቶቻችሁ ላይ ደርሷል? እስቲ ኮመንት ላይ ጻፉ፣ እኔ ብቻ ነኝ እንዳልል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሌሎች መጥተው አዩንና "ሦስት ሰርቨር ያስፈልጋችኋል፣ አንድ ለሂሳብ፣ አንድ ለስቶክ፣ አንድ ለፋይል" ብለው ፕሮፎርማ ሰጡን። አባዬ ቁጥሩን አይቶ መነጽሩን አወለቀ፣ ሌላ ምንም አላለም።

በዚህ መሃል ነው አንዲት ፋርማሲ ያላት ጓደኛዬ ይሄን ልጅ የጠቆመችኝ። ሲመጣ ቀጠን ያለ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ተማሪ ነው የሚመስለው፣ እውነቴን ነው ልቤ ደንገጥ አለ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሰርቨሯን ከባንኮኒ ስር ስቦ መክፈት ነው። ውስጧ የሲሚንቶ ብናኝ ሁለት ጣት ያህል ተጋግሯል። አየት አደረገኝና "እታለም፣ ይሄ ሰርቨር ነው ወይስ ግንብ?" አለኝ። ሳቅ ገደለኝ፣ ከስንት ዓመት በኋላ በዚች ኮምፒውተር ጉዳይ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ውጭ አውጥቶ በብሎወር አጽድቶ ፎቅ ያለችው ትንሽ ክፍል አስቀመጣት። ኤሲ አያስፈልግም ወይ ስለው "የማርቆስ ብርድ እያለ ኤሲ ምን ያደርጋል" አለ።

ከዛ አዲስ አትግዙ አለን። ይሄን ከቴክኒሻን አፍ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ማሽኗ ጠንካራ ናት፣ ስራ ፈታ ነው የኖረችው፣ አስር ጥማድ በሬ እየቀለባችሁ በአንዱ ነው የምታርሱት አለ። ራሟን (የምትሰራበትን ሜሞሪ) ከ16 ወደ 64 ጊጋ አሳድጎ፣ ዲስክ ጨምሮ፣ መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚይዝ ዩፒኤስ አስገዝቶ፣ ያቺኑ አንዷን ሦስት አደርጋታለሁ አለን።

አባዬ ይሄን ሲሰማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ልጄ፣ አንድም ሦስትም የሆነ እኔ የማውቀው ሥላሴን ብቻ ነው" አለው።

ልጁ አልሳቀበትም፣ አላጣጣለውም። ብዙዎቹ እኮ አባዬ ሲጠይቅ ወደኔ ዞረው ነበር የሚመልሱት፣ ሽማግሌ ምን ያውቃል ብለው። እሱ ከፊቱ ቁጢጥ አለና "ጋሼ፣ ቤት ያከራያሉ?" አለው።

"አዎ።"

"ስንት ተከራይ አለዎት?"

"አራት።"

"ቆጣሪውስ ስንት ነው?"

"አንድ ነዋ።"

"በቃ እንደሱ ነው ጋሼ። ግቢው አንድ፣ ቆጣሪው አንድ፣ ግን እያንዳንዱ የራሱ በር የራሱ ቁልፍ አለው። አንዱ ወጥ ቢያሳርር ሌላው እራቱ አይቀርበትም።"

አባዬ ዝም ብሎ ቆየና "ግቢው የተቃጠለ ለታስ?" አለው።

ልጁ ጉልበቱን በእጁ መታ። "ጋሼ፣ ሰርቨሩን የሸጡላችሁ ሰዎች ይሄን ጥያቄ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ እኔ እዚህ አልመጣም ነበር።"

ከዛ በኋላ የሰራውን እኔ ብዙም አልገባኝም፣ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከስር ፕሮክስሞክስ የሚባል፣ አንዷን ኮምፒውተር እንደ ብዙ ኮምፒውተር የሚከፋፍል ፕሮግራም ጫነ፣ ኦስትሪያ ያሉ ሰዎች የሚሰሩት ነው፣ በነፃ ነው የሚወርደው። ለምን ያንኑ ስራ የሚሰራውን፣ በስም የምንሰማውን ቪኤምዌርን አልጫንክልንም ስለው (ያው ጎግል አድርጌ አዋቂ ለመምሰል ነው) እሱን በፈረንጆቹ 2023 ብሮድኮም የሚባል ኩባንያ ገዝቶት አሁን አንዴ ከፍሎ መገላገል ቀርቷል፣ በየጊዜው ነው የሚከፈለው፣ ለእናንተ ሱቅ አያዋጣም አለኝ። በፕሮክስሞክሱ ላይ ሦስቱን "ተከራዮች" አስገባ፣ ሂሳቡ ለብቻ፣ ስቶኩ ለብቻ፣ ፋይሉና ፕሪንተሩ ለብቻ። የዊንዶውሱን ፈቃድ ግን በነፃ የለም፣ ክራክም (ያልተከፈለበት ቅጂ) አልጭንም ብሎ አስከፈለን፣ ትክክል ነው። ዋይፋዩንም የእንግዳውን ከኛው ለየው፣ ለካ ሲሚንቶ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ዋይፋይ ስጡኝ ሲል ከሂሳባችን ጋር አንድ ቤት እያስገባነው ነበር! ዲስኮቹ ሁለት ናቸው፣ እኩል ይጻፍባቸዋል፣ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ይሄ ግን ባክአፕ አይደለም፣ ሰው በስህተት ያጠፋውን ሁለቱም ላይ ያጠፋዋል አለኝ፣ ይሄን ያልኩት እኔ አይደለሁም እሱ ነው። ባክአፑ ሌሊት ሌሊት ቢሮ ወዳለች ሌላ የዳታ ማስቀመጫ ሳጥን ይሄዳል፣ ከሷ ደግሞ በተንቀሳቃሽ ዲስክ ተቀድቶ ወደ ቤት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሱቁ ዝግ ሆኖ ሁላችንንም ጠራን። እማዬ ቡና አቀራረበች። ልጁ ተቀመጠና "አሁን ሂሳቡን በሙሉ አጠፋዋለሁ" አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጠፋ! ፒችትሪ ያለበት ማሽን ከስክሪኑ ላይ የለም። ሂሳብ ሰራተኛዋ "ወይኔ ማርያም" ብላ ተነሳች፣ እኔ የቀለም ጣሳው ትዝ አለኝ፣ እጄ ቀዘቀዘ። እሱ ምንም አልመሰለውም፣ ሁለት ሦስት ቦታ ጫን ጫን አድርጎ ፈንዲሻውን እየቆረጠመ ጠበቀ። አቦሉ ሳይቀዳ፣ 14 ደቂቃ ነው ሰዓት ይዤ ነበር፣ ሂሳቡ ተመለሰ። የቅዳሜ ሽያጭ ሳይቀር፣ ልትዘጋ ስትል የሸጥናት የሁለት ቧንቧ ማጠፊያ ሳትቀር።

ከዛ ተነሳና "አሁን አንቺ አጥፊው" አለኝ። እምቢ አልኩ፣ ተንቀጠቀጥኩ። ወረቀት ሰጠኝ፣ በአማርኛ በእጁ የጻፈው፣ 1 ይሄን ተጫን፣ 2 ይሄን ጠብቅ፣ 3 ቀይ ከሆነ አትደንግጥ ይላል። አጠፋሁት። መለስኩትም፣ እኔ! ቶናው ላይ።

ሲጨርስ ከቦርሳው የታሸገ ፖስታ አወጣና ለእኔ ሳይሆን ለአባዬ በሁለት እጁ ሰጠው። "ጋሼ፣ ፓስወርዱ ሁሉ እዚህ አለ። የእርስዎ ንብረት ነው። ነገ እኔ ብሞት፣ ብሰደድ፣ ወይ ብታባርሩኝ ሌላ ሰው ጠርታችሁ ይሄን ስጡት።" አባዬ ፖስታውን አገላብጦ አየው። ገንዘብ ያስጨምረኛል ብሎ እየጠበቀ ነበር መሰለኝ። ከዛ ተነስቶ የቤቱ ካርታ ያለበት ሳጥን ውስጥ ቆለፈው። ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ የእጣኑ ጭስ ነው አለ።

ነሐሴ ላይ መብረቅና ዝናብ የወረደ ለታ መብራቱ ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ አለና ዩፒኤሱ ተቃጠለ። ልጁ ያኔ ቡሬ ነበር፣ ስልክም አልሰራ አለ። ጠዋት ብንከፍት ስቶኩ አልነሳ አለ። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አንብቤ መለስኩት። ከሁለት ቀን በኋላ መጥቶ ሲያይ "ታዲያ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?" ብሎ ሳቀ፣ ዩፒኤሱን ቀይሮ ለእጁ አልቀበልም አለ፣ ምሳ በልቶ ሄደ።

ዘንድሮ የዓመቱ ሂሳብ ለጥቅምት 30 እየተሯሯጥን ሳይሆን መስከረም ላይ አልቆ ገባ። ይሄ ለኛ ቤት ታሪክ ነው።

ጠቅላላ የከፈልነው የሦስቱን ሰርቨር ፕሮፎርማ አንድ አስረኛ አይሞላም። እባካችሁ አሰሩት። በማርያም አሰሩት! ዝም ብሎ የሚያስፈራራችሁን፣ ፓስወርድ ይዞ የሚያግታችሁን ተዉት። አንድ ጥፋት አለበት፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብሎ አራት ሰዓት ነው የሚመጣው። ከመጣ ግን ሳይጨርስ አይሄድም። ዋጋ ላይም አትከራከሩት፣ ስለማይከራከር ነው የምለው፣ ያሳዝናል።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልጽፍም፣ ሳይፈቅድልኝ ነው የማመሰግነው፣ ቢያይ እንኳ ያፍራል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ አገናኛችኋለሁ። ደጀን፣ ሉማሜ፣ አማኑኤል፣ ፍኖተ ሰላም ድረስ ይሄዳል። ደንበጫ ያላችሁ ቶሎ በሉ፣ እስከ ሐሙስ እዛው አንድ ክሊኒክ ነው ያለው፣ ከዛ ወደዚህ ይመለሳል። ስትደውሉለት የቆርቆሮ ቤቷ ልጅ ናት የላከችን በሉት፣ ግንቡ ደህና ነው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል።